እማዬ፣ ዝንጅብሉን ለጊዜው ተዪው

ለምወድሽ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔም ልጆቹም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጅማ ዝናቡ ቀነስ ብሏል፣ የቡና ለቀማም ተጀምሯል።

ትናንት ማታ ጋሼ ደውሎ ነበር። ድድሽ እንደሚደማ፣ ክንድሽም ሳትመቺ እንደበለዘ ነገረኝ። የላክሁልሽን ደረቅ ዝንጅብል በቀን ሦስቴ፣ እስኪጠቁር አፍልተሽ እንደምትጠጪም ነገረኝ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንዲወስድሽ ለምኜዋለሁ። በስልክ ብነግርሽ "ዝንጅብል ማንን ገደለ?" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልከዋለሁ፣ ጋሼ ያነብልሻል።

እማዬ፣ ዋርፋሪን እየወሰድሽ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ዝንጅብል ሲበዛ ደግሞ ከሱ ጋር ተደርቦ መድማትን ሊያባብስ ይችላል። የመድኃኒቱ መጠንም ራሱ በዝቶብሽ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ግን ስለ ዝንጅብሉ ሳትደብቂ ንገሪው። "ቅመም ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም" ብለሽ እንዳታልፊው።

ዝንጅብልን ተዪ ማለት ለእኔም ይከብደኛል። ያወቅሁት ከእጅሽ ነው። በሐምሌ፣ ከትምህርት ቤት ረጥበን ስንገባ፣ አንዱን ጣት ቀጭ አድርገሽ ትሰብሪዋለሽ። ልጣጩን በማንኪያ ጠርዝ ትፍቂዋለሽ፤ ቢላዋ ሥጋውን ይወስዳል ትይ ነበር። ከዚያ ሙቀጫ። ሁለቴ ሦስቴ ወቀጥ ስታደርጊው ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ማሩን ድስቱ ከወረደ በኋላ ነበር የምትጨምሪው። ብርጭቆውን በሁለት እጃችን ይዘን እፍ እያልን እንጠጣለን። መጀመሪያ ጉሮሯችን፣ ከዚያ ደረታችን ይሞቃል።

ያ ሙቀት ከየት እንደሚመጣ አሁን ነው የገባኝ። እርጥቡ ዝንጅብል ውስጥ ጂንጀሮል የሚባል ነገር አለ። በርበሬም እሳትም የሚነካውን ያንኑ ነርቭ ነው የሚነካው። ስለዚህ ሰውነት "ሞቀኝ" ይላል። ሲደርቅ ደግሞ ጂንጀሮሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፣ እሱ የባሰ ያቃጥላል። አንቺ "ደረቁ ይበረታል" ስትይ የነበረው ልክ ነው። እኔ ግን የላክሁልሽ ያንኑ የበረታውን መሆኑን አላሰብኩም። ይቅር በይኝ።

ያለሽበት ደብረ ብርሃን ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ የጥቅምት ብርዱን አውቀዋለሁ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? ሥጋውን ጋሼ አያሳጣሽም። ወፍራሙን ጋቢ ዛሬ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ፣ ውስጡ ቡና አለ። ኮረሪማም አለበት፣ እሱ ግን ለቅቤው ነው፣ እንዳታፈይው። የዝንጅብልና የእርድ ዘመድ ነው፤ በአንድ የተክል ቤተሰብ ውስጥ ናቸው።

ጓሮ ያለውን መደባችንን ታስታውሺዋለሽ? በ2004 ዓ.ም. ገደማ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገብቶ በአገሩ ሁሉ ዝንጅብል ሲያጠፋ የኛም ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኛ። ሥሩን ስናወጣው ውሃ ሆኖ ነበር፣ ሽታው አይረሳኝም። በሽታው በዘሩም በአፈሩም ስለሚተላለፍ ከዚያ በኋላ እዚያ መደብ ላይ ደፍረን አልተከልንም። ዘንድሮ ጤነኛ ዘር ከሰው አገኘሁ። ዓይን ያለውን ቁራጭ መርጬ፣ አዲስ አፈር በሞላሁበት አሮጌ ባልዲ ውስጥ በሚያዝያ ተከልኩት። አሁን ጉልበቴ ድረስ ደርሷል። ቅጠሉ ሲደርቅ አወጣዋለሁ።

ሐኪሙ ከፈቀደልሽ ከሱ እልክልሻለሁ፤ እርጥቡን፣ እንደ ወረቀት የሳሳች አንዲት ቁራጭ በአንድ ብርጭቆ ሻይ። ወጥ ውስጥ ስለሚገባውም ጠይቂው። እስከዚያ ግን የተረፈውን ደረቅ ዝንጅብል ጋሼ ከቤት ያውጣው፣ አንቺ ጋ ካለ እንደማትተዪው አውቃለሁ።

የደም ምርመራው ውጤት ክትትል ካርድሽ ላይ ይጻፋል። ማታ ስደውል ቁጥሩን ጋሼ ያንብብልኝ። ድድሽን ግን ራስሽ ንገሪኝ፣ በድምፅሽ ልስማው።

ልጅሽ፣ ከጅማ