ያልጠፋችው ኮከብ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። አንድ አስትሮይድ፣ ያ ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ፣ ኮከብ ፊት ሲያልፍ ኮከቧ ትጠፋ እንደሆነ ከደሴ እንድመለከትልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። «አባ፣ ያንተን ትቼዋለሁ፣ ምንም አልታየማ» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። በስልክ ብነግርሽ አቋርጠሽኝ ትስቂያለሽ፤ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። የደሴን የጥር ብርድ ታውቂዋለሽ። ጋቢ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። ጎረቤቶቻችን የበራቸውን መብራት እንዲያጠፉልኝ ማታውኑ ለምኛቸው ነበር። አጠፉት፤ ግን ሌባ የመጣ እየመሰላቸው ሁለቴ በመስኮት ብቅ አሉ። የቴሌስኮፑን ሌንስ ጤዛ ሲይዘው በእናትሽ ሻሽ ጫፍ ጠረግኩት። ይሄን ለእሷም ለአንቺም ባልናገር ይሻለኝ ነበር።

በእርሳስ የሣልሽልኝ ካርታ አላሳተኝም። ሦስት ማዕዘን ከሠሩት ከዋክብት በስተግራ ያለችውን፣ ደብዘዝ ያለችዋን አገኘኋት። ስልኬ ድምፅ እየቀዳ ነው። እኔ «ጠፋች» ልል አፌን አሰናድቼ እጠብቃለሁ። አስትሮይዱ ፊቷ ያልፋል ያልሽው ሰዓት፣ 11 ከ20፣ ደረሰ፤ አለፈ። አልጠፋችም። ቅጂውን ሰምተሽዋል፦ የኔ ሳል፣ የውሻ ጩኸት፣ እናትሽ «ኧረ ሰውዬ፣ ቡናው ቀዘቀዘ» ስትል፣ መጨረሻ ላይ የሱብሂ አዛን።

አሁን እስቲ አስቢው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ትዝ ይልሻል? ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን እኛ እዚህ ማጭድ የመሰለች ፀሐይ ብቻ አይተን አኩርፈሽ ነበር። ጥላው በእነሱ በኩል አለፈ፣ በቃ። ይሄም እንደዚያው ነው። ኮከቧ በጣም ሩቅ ስለሆነች፣ አስትሮይዱ መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ ስፋቱ የራሱን ያህል ነው። ሐይቅ ከተማ የነበረው ጓደኛሽ ለ3 ሰከንድ ጠፍታበታለች። እኔ ዘንድ አልጠፋችም። በመሀላችን ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥላው ጠርዝ እዚያ መሀል አንድ ቦታ አልፏል ማለት ነው! የኔን ከሰረዝሽ፣ ድንጋዩ ሐይቅ ላይ ያብቃ ኮምቦልቻ ይድረስ በምን ታውቂያለሽ?

የአሮኮትን ነገር ደግሞ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ከ6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ድንጋይ። ኒው ሆራይዘንስ የምትባለው መንኮራኩር ሳትደርስበት፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2017 ደቡብ አፍሪካና አርጀንቲና ላይ ስንት ቴሌስኮፕ ተደርድሮ ድንጋዩ ፊቷ ያልፋል የተባለችው ኮከብ ስትጠፋ አንዱም አላየም። ያ ሁሉ ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። ያንን ባዶ ግን አልጣሉትም፤ ድንጋዩ ከገመቱት ሊያንስ እንደሚችል ጠረጠሩ። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 እንደገና ወጡ። የአርጀንቲናዋ ከተማ የኮሞዶሮ ሪቫዳቪያ ሰዎች መንገድ ዘጉላቸው፣ መብራት አጠፉላቸው፣ ነፋሱን እንዲከልል የጭነት መኪና አቆሙላቸው። (እኔ አንዲት አምፖል ለማስጠፋት ያየሁትን ፍዳ አስቢ።) ከ24 ቴሌስኮፕ 5ቱ ያዙት። ከዚያች ሁለት ሰከንድ የማትሞላ ጨለማ ነው ሁለት አካል የተጣበቀ ሳይሆን አይቀርም ያሉት። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2019 መንኮራኩሯ አጠገቡ ስታልፍ እውነትም ሁለት ድቡልቡል ተለጣጥፎ ተገኘ። ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከደሴ ሐይቅ ካለው መንገድ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ስለዚህ «ደሴ፣ ከ11፡15 እስከ 11፡25፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ኮከቧ አልጠፋችም» ብለሽ ጻፊልኝ። የቆምኩበትን ቦታ ልክ ከስልኩ ገልብጬ በወረቀቱ ጀርባ አስፍሬዋለሁ። ሳሉን ከፈለግሽ ቁረጪው፤ አዛኑን ግን ተዪው።

ቴሌስኮፑን በሚኒባስ ላክልኝ ያልሽውን እርሺው፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ሌንሱ አይተርፍም። መጥተሽ ውሰጂ። እናትሽ በሶ አዘጋጅታልሻለች። ስለ ሻሹ እስካሁን አልጠየቀችኝም።

አባትሽ