የተቃዋሚ ሴናተር ሥራ በምን ይመዘን?

ለአዘጋጁ፦

የአየርላንድ ተቃዋሚ ሴናተሮች በክርክር ስላላቸው ተሳትፎ ያወጣችሁት ጽሑፍ ሰዎቹን የመዘነው በንግግራቸው ብዛት ነው። ሚዛኑ ልክ አይመስለኝም።

የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት የሆነው ሴኔት 60 አባላት አሉት። 11ዱን የሚሾሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለሆኑ መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አያጣም። ተቃዋሚ በድምፅ ማሸነፉ ብርቅ ነው። ዋናው ሥራው ያለው ረቂቅ ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ሲታይ፣ ማሻሻያ አቅርቦ ሚኒስትሩን መልስ መጠየቁ ላይ ነው። አሰልቺ ነው፤ ለርዕሰ ዜናም አይመችም።

ውጤቱም ቶሎ አይታይም። ከመንግሥት ወገን ያልነበሩት ሴናተር ሜሪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የወሊድ መከላከያን የሚፈቅድ ረቂቅ ሲያቀርቡ ሴኔቱ እንዲታተም እንኳ አልፈቀደም። ሕጉ የወጣው በ1979 ነው፤ ያውም መከላከያውን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚፈቅድ ሆኖ። የፓርቲ አባል ያልሆኑት ሴናተር ፍራንሲስ ብላክ በ2018 ያቀረቡት፣ እስራኤል በያዘቻቸው ግዛቶች ካሉ ሰፈራዎች ጋር መነገድን የሚከለክል ረቂቅ ደግሞ መንግሥት እየተቃወመው ሴኔቱን አልፏል። በኋላ የሕዝብ ገንዘብ ለሚያስወጣ ረቂቅ የሚያስፈልገውን የወጪ ፈቃድ መንግሥት ስላልሰጠው በታችኛው ምክር ቤት ተንጠልጥሎ ቀረ። የንግግር ቆጠራ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?

በሚቀጥለው ዘገባችሁ ከእያንዳንዱ ሴናተር ስም ጎን ያቀረበውን ማሻሻያ፣ የሚኒስትሩን መልስና የመጨረሻውን ውሳኔ አስፍሩ። የሴኔቱ ክርክር በይፋ ስለሚታተም መረጃው አይቸግራችሁም።

አንድ አንባቢ