ለጠየቅሽኝ ጥያቄ የዘገየ መልስ

ልጄ፣

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ «እማዬ፣ እንደ ሌሎቹ ትምህርት ቤት ብታስገቡኝ ኖሮ እምነቴን አጣ ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ቤት ስንደርስ እናወራለን» አልኩሽ። ደረስን፤ ግን አላወራንም። መልስ ስላልነበረኝ ነው የሸሸሁሽ። ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄሽን ይዤ ስዞር ሰነበትኩ። ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ሦስት ሳምንት ነው የቀረሽ። ከዚያ በፊት መልስ አለብኝ።

መጀመሪያ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ቤት ልናስተምርሽ ስንወስን እኔን የገፋፋኝ ፍርሃት ነበር። ስልኩ፣ ኢንተርኔቱ፣ ልጆች እርስ በርስ የሚያሳዩት ቪዲዮ፣ የሚያምን ሰው ላይ የሚሳቀው ሳቅ፣ ሁሉም በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ ይመስለኝ ነበር። በሩን ብዘጋው የምትተርፊ መሰለኝ።

ለፍርሃቴ ድጋፍ ፍለጋ የካቶሊክ ቤተክርስቲያናችንን ሰነዶች ማገላበጥ ጀመርኩ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ያወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች እንደሆኑ ይናገራል። «ይኸው!» ብዬ ለአባትሽ አሳየሁት። እሱም «እስኪ ቀጥይና አንብቢው» አለኝ። ስቀጥል ያው ሰነድ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መምህራን ጥሪም በትልቅ አክብሮት ይናገራል። ልጆቻችሁን ቤት ዘግታችሁ አስተምሩ የሚል ትእዛዝ አላገኘሁበትም። ልጅ የትም ይማር የት፣ ኃላፊነቱ ከወላጅ ትከሻ እንደማይወርድ ግን ገባኝ። ይሄ ከበር መዝጋት በጣም ይከብዳል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ውስጥ ደግሞ ከልቤ ያልወጣ ሐሳብ አለ። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር አብረው ሲጸልዩ ወደ ልጆቻቸው ልብ ጥልቅ ይገባሉ፤ በኋላ የሚመጣ የሕይወት ገጠመኝ የማይፍቀውን አሻራም ይተዋሉ ይላሉ። አብረው ሲጸልዩ ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ጸሎት አስተምርሽ ነበር እንጂ አብሬሽ አልጸልይም ነበር። አንቺ አባታችን ሆይ ስትደግሚ እኔ ስህተትሽን አርም ነበር።

የክፍልፋይ ሂሳቡን ቀን ታስታውሻለሽ? ስምንት ዓመትሽ ነበር። አንዱን ጥያቄ አራቴ ተሳሳትሽ። እኔም ጮህኩብሽ፤ ደብተሩንም ወረወርኩት። እንባሽ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ዱብ አለ። ማታ መቁጠሪያ ስንጸልይ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። አባትሽና አንቺ ዝም ብላችሁ ጠበቃችሁኝ። ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩሽ። አንቺም «እሺ እማዬ፣ ቀጥይ» አልሽኝ። ቅዳሜ ንስሐ ስገባ ከኋላዬ ተሰልፈሽ ተራሽን ትጠብቂ ነበር። ስለ ምስጢረ ንስሐ ከመጽሐፍ ያስተማርኩሽ ብዙ ነው። የተማርሽው ግን ያን ሳምንት ይመስለኛል። እኔም እንደዚያው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ለቤተሰብ ሦስት ቃላት ያስፈልጋሉ ይሉ ነበር፤ ፍቀድልኝ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ። በቤታችን ትምህርት ውስጥ በጣም የዘገየሁበት ሦስተኛው ላይ ነው።

የጎደለብሽም አለ፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። አንድ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆመሽ ዩኒፎርም ለብሰው የሚያልፉ ልጆችን ስታዪ አየሁሽ። ቦርሳቸውን እየተጓተቱ ይስቁ ነበር። ምንም ሳልልሽ ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ። ያን ቀን መጥቼ አጠገብሽ መቀመጥ ነበረብኝ። የእሁድ ከሰዓት የቁምስና (የአጥቢያ ቤተክርስቲያን) ጓደኞችሽ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ቢሆንም በሳምንት አንድ ቀን በየቀኑ አብሮ እንደመዋል አይደለም። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አላየሽም። ከማይስማማሽ ሰው ጋር ተከራክሮ በማግስቱ አብሮ መቀመጥንም ገና አሁን ነው የምትማሪው።

የተሰጠሽ ደግሞ ጊዜ ነው። አያትሽ የታመሙ ጊዜ አስራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ትምህርታችንን ጠቅልለን እሳቸው ክፍል ገባን። ጠዋት ሂሳብሽን አልጋቸው ጫፍ ላይ ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ መዝሙረ ዳዊት ታነቢላቸዋለሽ። ስትሳሳቺ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያርሙሽ ነበር፤ በቃላቸው ያውቁታል። ካህኑ መጥተው ምስጢረ ቀንዲል ሲፈጽሙላቸው ሻማውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ካረፉ በኋላ ሰው ሁሉ «ልጅቷን ከዚህ አውጧት» ሲል አንቺ እጃቸውን ይዘሽ መቁጠሪያውን ጨረስሽ። ሞትን ከጸሎት ጋር አብረሽ አየሽው። ለዚያ ጊዜ እግዚአብሔርን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሁለት ቅዱሳንን አንድ ላይ ሳስብ ነበር። ቅድስት ትሬዛ ዘሕፃኑ ኢየሱስ ስምንት ዓመት ተኩል እስኪሆናት ቤት ነው የተማረችው፤ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ታላቅ እህቷ ታስተምራት ነበር። ወላጆቿ ሉዊና ዜሊ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2015 አብረው ቅዱሳን ተባሉ። የእነሱ ቤት ልቤ የሚመኘው ቤት ነው። ቅዱስ ካርሎ አኩቲስ ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ትምህርት ቤት ሄዷል፣ ኮምፒውተር ይወድ ነበር፣ ጌምም ይጫወት ነበር። እናቱ ቤተክርስቲያን የምታዘወትር ሴት አልነበረችም። ወደ እምነት የመለሳት እሱ ነው። በ15 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞተ፤ በ2025 ቅድስናው ታወጀ። እኔ የፈራሁት ዓለም ውስጥ ነው ያደገው፤ በየቀኑም ቅዳሴ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው፤ ትምህርት ቤት ብትሄጂ እምነትሽን ታጪ ነበር አልልም። እምነት ጸጋ ነው። ከእግዚአብሔር የመጣልሽ ነው እንጂ እኔ በር ዘግቼ ያቆየሁልሽ አይደለም። እንዲያውም አንቺ ለእኔ ያመጣሽልኝ ይበልጣል። ዘጠኝ ዓመት ሲሆንሽ ከቁርባን በኋላ እጅሽን ስጎትት «ኢየሱስ እዚህ ካለ ለምንድን ነው የምንቸኩለው?» አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሴ ሲያልቅ ተቀምጬ እቆያለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እግዚአብሔር የለም የሚል የክፍል ጓደኛ ታገኚ ይሆናል። ጨርሰሽ ስሚው። መልሱን ካላወቅሽ አላውቅም በይው፤ ከዚያ ፈልጊው፣ አንብቢ፣ ካህን ጠይቂ። ገና እንደደረስሽ የቅርቡን ቤተክርስቲያንና የቅዳሴውን ሰዓት እወቂ። የማትጸልዪባቸው ቀናት ይመጣሉ፤ እኔም መጥተውብኛል። ያን ጊዜ ደውዪልኝ። አልቆጣም፤ ብቻ አብረን ከመቁጠሪያው አንዲት ምስጢር፣ አንዱን ክፍል፣ እንጸልያለን።

እኛ እንደተለመደው መቁጠሪያውን ማታ በሦስት ሰዓት እንጀምራለን። አራተኛዋን ምስጢር ሁልጊዜ የምትመሪው አንቺ ነሽ። አሁን ማን እንደሚመራት ከአባትሽ ጋር ገና አልተነጋገርንም።

የአያትሽን መቁጠሪያ ቦርሳሽ የፊት ኪስ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። አንዱ ጋ ክሩ ላልቷል። ከመሄድሽ በፊት አባትሽ ያጠብቅልሻል።

እናትሽ