«2018» የሚለው ጠርሙስ የዘንድሮ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በበዓሉ ሰሞን ስለ ወይን ጠጅ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣልና ሲገዙ ዓመቱን ይመልከቱ» የሚል ምክር አንብቤያለሁ። የምክሩ የመጀመሪያ ግማሽ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ በእኛ አገር ሱቅ ውስጥ ሰውን ከማሳሳት በቀር ብዙም አይጠቅም። እኔ ጅማ ውስጥ በቡና ቀማሽነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወይን ጠጅ ሙያዬ አይደለም። ጆንያው ላይ የተጻፈውን ጆንያው ውስጥ ካለው ጋር ማመሳከር ግን እንጀራዬ ነበር፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ለቤት ምረቃ የሚወስዱትን ወይን ጠጅ የሚመርጡ ሁለት ወጣቶች አጋጥመውኛል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ቀይ ወይን ጠጅ አነሡና «2018» የሚለውን ሲያዩ «ይህማ የዘንድሮ ነው፣ ገና አልቆየም» ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱት። ሻጩም «አዎ፣ አዲስ የገባ ነው» አላቸው። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው፤ ያውም ጠርሙሱ አገር ውስጥ የገባበት ሳይሆን ፍሬው ከግንዱ የተለቀመበት ዓመት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወይን በአብዛኛው የሚለቀመው ከጥር እስከ ሚያዝያ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ልጆቹ እንጭጭ ነው ብለው የተዉት ጠርሙስ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። በእናንተ ምክር ከሄድን ታዲያ መውሰድ ነበረባቸው? እኔ አልወስደውም። በዓለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ወይን ጠጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ተደርጎ የሚጠመቅ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ጋደም ብሎ ሲቀመጥ ነው። ያ ጠርሙስ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር፣ ከዘይት ጀሪካን ጎን ቆሞ ነበር። ሙቀትና ብርሃን የቡናን ቃና እንዴት እንደሚገድሉ የማያውቅ የጅማ ሰው የለም፤ ለወይንም አይራሩለትም።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ጠርሙሱን አንሥቼ አገላበጥኩት። አንገቱ ላይ ቁጥር የታተመባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ደቡብ አፍሪካውያን በፈረንጅ 1973 የጀመሩት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የወይኑ መገኛ ተብሎ ቦታ ከተጠቀሰ ፍሬው በሙሉ ከዚያ ቦታ መምጣት አለበት፤ የወይኑ ዝርያ ወይም የምርት ዘመኑ ከተጻፈ ደግሞ ከይዘቱ ቢያንስ 85 በመቶው የተጻፈው መሆን ይኖርበታል። በቁጥሩ አማካይነት እስከ እርሻው ድረስ ተመልሶ ማጣራት ይቻላል። አውሮፓውያንም ለዝርያና ለምርት ዘመን ያስቀመጡት ልክ ያው 85 በመቶ ነው። አሜሪካኖች ለዝርያ 75 በመቶ ይበቃል ብለዋል፤ ለእኔ ትንሽ ልል ሆነብኝ። እዚህ ላይ ቅልቅል ነውር ነው እያልኩ አይደለም። የቦርዶ ወይን ጠጅ ስሙ የገነነው ሜርሎና ካበርኔ የተባሉ የወይን ዝርያዎችን እያጣመረ ነው። ነውሩ ሳይናገሩ መቀላቀል ነው።

ይህን በቡና ዓለም አሳምረን እናውቀዋለን። «ሊሙ 2» የተባለ እጥብ ቡናና «ጅማ 5» የተባለ ያልታጠበ ቡና ገና ከጆንያው ሳይወጡ ገዢው ስለ ቦታቸው፣ ስለ አዘገጃጀታቸውና ስለ ደረጃቸው ያውቃል። እርግጥ እኛም ፍጹማን አልነበርንም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር የየማሳው ማንነት በአካባቢና በደረጃ ክምር ውስጥ ሰጥሞ ቀርቶ ነበር፤ አሠራሩ ኋላ እስኪሻሻል ድረስ ጥሩ የሠራ ገበሬና ግዴለሽ ጎረቤቱ በአንድ ስም ተሸጡ። አገራችን የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ስትደርስም ጅማ ከሦስቱ ስሞች ውስጥ አልነበረችም። ቅሬታዬን በዚህ አጋጣሚ አስመዝግቡልኝ። የቦታ ስም ገንዘብ መሆኑን ግን ያን ጊዜ ሁላችንም ተምረናል።

ወይንን በተመለከተ ቦታ የሚናገረው ብዙ ነገር አለ። ጎረቤቴ በግቢያቸው በር ላይ የወይን ሐረግ አላቸው፤ ለጥላ ግሩም ነው። ፍሬው ግን በክረምት ይሰነጠቃል፣ ቅጠሉ ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል፣ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ይታያል፤ የተረፈውን ሕፃናት ሳይበስል ይጨርሱታል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ታገኛለች፤ እርጥበት ደግሞ የወይን ፈንገስ ድግስ ነው። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ ዝናቧ ግን የእኛን ግማሽ ያህል ነው። ካስቴል የተባለው ወይን ጠማቂ ኩባንያ እርሻው እዚያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። (በነገራችን ላይ የቡና ቅጠል ዋግን ለመከላከል የሚረጨው የመዳብ መድኃኒት ታሪኩ ከወይን ማሳ ይጀምራል። ቦርዶ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬያቸውን እንዳይቀጥፍ ከመንገድ ዳር ባሉት ግንዶች ላይ ኮፐር ሰልፌትና ኖራ ይረጩ ነበር። ሚላርዴ የተባለ ሳይንቲስት የተረጩት ግንዶች ቅጠላቸው ሳይረግፍ መቅረቱን አስተዋለና በፈረንጅ 1885 ጥቅሙን ለዓለም ገለጠ።)

የእኛ ወይን ሌላም ጠባይ አለው። በአውሮፓ ግንዱ ክረምቱን ተኝቶ በጸደይ ይነቃል፤ አዝመራው በዓመት አንድ ነው። እንደ እኛ ባለ አገር የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ ግንዱን የሚያነቃው የገበሬው መቀስ ነው፤ ከተገረዘ ከአራትና ከአምስት ወር በኋላ ዘለላው ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያፈራ ማድረግ ይቻላል፤ በብራዚል የሳን ፍራንሲስኮ ሸለቆ ይህ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ አገር የምርት ዘመን ብቻውን ምን ይነግረኛል? ዝናብ ያየው ነው ወይስ ፀሐይ ያበሰለው? የእኛ ጠርሙሶች የለቀማውን ወር ቢጽፉ ከፈረንጆቹ አንድ እርምጃ ይቀድሙ ነበር።

ወደ አገር ውስጥ ጠርሙሶች ልምጣ። «ሪፍት ቫሊ» ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞ ወይም ሻርዶኔ ብሎ ዝርያውን ይነግረናል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። «ጉደር» ደግሞ ከአምቦ ወዲያ ያለች ከተማ ስም ነው፤ ጠርሙስ ላይ ሲታተም ግን የንግድ ስም እንጂ ፍሬው እዚያ ለመብቀሉ ማስረጃ አይደለም። ይህን ልዩነት ጠጪው በምን ይወቅ? ስኳሩስ? በአውሮፓ ደንብ ደረቅ የሚባለው ወይን ጠጅ በመሠረቱ በሊትር ከ4 ግራም ያልበለጠ ስኳር ያለው ነው፤ ከፊል ጣፋጭ የሚባለው እስከ 45 ግራም ሊደርስ ይችላል። ይህ በአንድ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት አንድ የቆየ ወዳጄ «ወይን ጠጅ ለልብ ጥሩ ነው» ብሎ የሚመርጠው ሁልጊዜ ጣፋጩን ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው የውጭ ቋንቋ ለእሱ ጌጥ ነው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «በሊትር ይህን ያህል ግራም ስኳር» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ መከልከሉን እደግፋለሁ። ክልከላው ካለ ግን ስለ መጠጡ ለገዢው የሚናገር የቀረው ነገር ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው፤ እሱም ከዋንጫና ከወርቅማ ፊደል በቀር ምንም ካልነገረን ያው ማስታወቂያ ሆነ።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» የሚለውን አርሙልን፤ ሰው በማይረባ ጠርሙስ ላይ ገንዘቡን ያባክናል። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ወይን ጠጅ ስትጽፉ የጠርሙሱን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ፎቶግራፍ አንሡና አትሙት፤ ጠማቂዎቹንም ፍሬው ከየት ማሳ፣ በየትኛው ወር እንደተለቀመ ጠይቋቸው። መልስ የሰጠውን በስሙ ጥቀሱ፤ ያልመለሰውንም እንዲሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ቡና ቀማሽ፣ ከጅማ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)