የጋራዥ በራችሁ ራሱ ሲከፈት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አንድ ዓይነት ስልክ ስለበዛብን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከአሌክሳንድሪያም፣ ከውድብሪጅም የሚደውልልን ሰው የሚነግረን ያው ነው። «ማታ ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፤ «ሞተሩን ልቀይረው?»

ገና ነው፣ አትቀይሩት። ሞተሩ የሚከፍተው ትእዛዝ ሲደርሰው ነው፤ ወይም የደረሰው ሲመስለው። ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዲስ ሞተር ቢገባ፣ በዚያው በተበላሸ ሽቦ ላይ ይታሰርና ያው ችግር ይቀጥላል። ብዙ ብር አውጥታችሁ እዚያው መገኘት እንዳይሆን፣ ምክንያቱን ራሳችሁ እንዴት እየለያችሁ እንደምታገኙት እናሳያችሁ። አብዛኛው ምርመራ ያለ ባለሙያ የሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ግን የዛሬን ሌሊት እናስብ። ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ማታ ማታ ሞተሩን ከሶኬት ንቀሉት። ሶኬቱ ጣሪያው ላይ ስለሆነ መሰላል ይፈልጋል። መሰላል መውጣት የሚከብዳችሁ ብሬከሩን አጥፉ። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ሞተር ምንም ትእዛዝ አይቀበልም፤ በሩም ከሞተሩ ክንድ ጋር እንደተያያዘ ስለሚቆይ እንዲሁ በቀላሉ ወደ ላይ አይነሳም። ሞተራችሁ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ካለው ግን ሶኬት መንቀል ብቻ አይበቃም፤ ባትሪውንም ማላቀቅ ያስፈልጋል። ቤት የምትገቡት በጋራዡ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ተነቅሎ እንዳለ ወጥታችሁ አትዝጉት፤ ውጭ ትቀራላችሁ።

በበሩ ላይ የእጅ መቀርቀሪያ ያላችሁም አላችሁ። መቀርቀሪያውን ከመዝጋታችሁ በፊት ሞተሩ መነቀሉን አረጋግጡ። ተቀርቅሮ ሳለ ሞተሩ ሊከፍት ከታገለ በሩን ያጣምመዋል። ከጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባውን በር ደግሞ ሁልጊዜ ቆልፉት። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ በር ሌሊቱን ሳይቆለፍ ያድራል። ልጆች ተኝተው፣ ከአገር ቤት የመጡ እናት አባት አንዱ ክፍል አርፈው፣ በሌሊት ጋራዡ ተከፍቶ ማደሩ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ በሩ ተዘግቶ ቆይቶ ነው የተከፈተው ወይስ መጀመሪያውኑ አልተዘጋም? ብዙ ጊዜ ነገሩ ሁለተኛው ሆኖ ይገኛል። ሰው ሪሞቱን ይጫንና በሩ መውረድ ሲጀምር ዞር ብሎ ወደ ቤት ይገባል። በሩ ወለሉን ይነካል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። ጠዋት ያየ ሰው ሌሊት ራሱ ተከፈተ ይላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስትዘጉ ቆማችሁ እዩት። ወለሉን ከነካም በኋላ ትንሽ ጠብቁ።

ነክቶ ከተመለሰ ምክንያቱ በአብዛኛው የመውረጃ ልኩ ነው። ሞተሩ በሩን እስከየት ማውረድ እንዳለበት ተነግሮታል። ልኩ ከወለሉ አልፎ ከተሞላ፣ በሩ ወለሉ ላይ ደርሶም ሞተሩ ገና አልጨረስኩም ብሎ ይገፋል። አልሄድ ሲለው «ሰው ወይም ዕቃ ነካሁ» ብሎ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይህ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ልጅ ከበሩ ሥር ቢገኝ የሚያድነው እሱ ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ልኩ በካቻቢቴ በሚዞር ብሎን ይስተካከላል። በአዳዲሶቹ በበተን ይሞላል። ክረምት ላይ ችግሩ ይብሳል። በረዶ ከበሩ ሥር ይጋገራል፣ ጎማው ይደርቃል፣ ግራሶው ይወፍርና በሩ ይከብዳል። ልኩን ከመነካካታችሁ በፊት ወለሉን ጥረጉ።

በሩ ወለሉን ሳይነካ መሀል ላይ ከተመለሰ ደግሞ ሴንሰሮቹን እዩ። በሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ከ6 ኢንች ሳይበልጥ የተተከሉት ሁለቱ ትንንሽ ዓይኖች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከጥር 1993 (ይህም ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ሞተር ሁሉ ሰው ከበሩ ሥር እንዳይያዝ የሚከላከል እንዲህ ያለ ነገር እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። አንዱ ዓይን ከተገፋ ወይም የሸረሪት ድር ካለበት በሩ አይወርድም፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ላይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በጨርቅ ጥረጉት፣ ሁለቱ ትይዩ እንዲተያዩ አስተካክሉት። አንድ ነገር ግን ያዙልን፦ ሴንሰር የሚወርድ በር ይመልሳል እንጂ የተዘጋ በር አይከፍትም። በሩ በትክክል ተዘግቶ ሌሊት ከተከፈተ ሴንሰሩን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

እንግዲህ በሩ በእርግጥ ተዘግቶ አድሮ ከተከፈተ ነገሩን ለሁለት የሚከፍል ቀላል ሙከራ አለ። ግድግዳ ላይ ያለው መቆጣጠሪያችሁ የቁልፍ ምልክት ያለበት በተን ካለው ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት። ይህ ሪሞቶችን ሁሉ ያግዳል። በሩ የሚከፈተው ምን ያህል እየቆየ እንደሆነ አስባችሁ ለዚያ ያህል ሌሊት ታግዶ ይደር። ካልተከፈተ ጥፋቱ ከሪሞት በኩል ነው። ታግዶም ከተከፈተ ከግድግዳው በተን፣ ከሽቦው ወይም ከቦርዱ (ሞተሩ ውስጥ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ነው።

ከሪሞት በኩል ከሆነ ያላችሁን ሪሞት ሁሉ ሰብስቡ። የመኪናውን፣ የቦርሳውን፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳውን፣ ልጆች የሚጫወቱበትን። በተኑ ተጣብቆ የቀረ ወይም ዕቃ የሚጫነው ሪሞት እዚያው ሆኖ በሩን ይከፍታል። ባትሪያቸውን አውጡና ሁለት ሦስት ሌሊት እዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ።

ሁሉም ደህና ከሆኑ እናንተ ጋ የሌለ ሪሞት ሊኖር ይችላል። ቤት ስትገዙ የፊት በሩን ቁልፍ ትቀይራላችሁ። የጋራዡን ግን የሚያስታውስ የለም። የቀድሞው ባለቤት፣ ልጁ፣ ቤቱን ያደሰለት ሰው፣ ሁሉም ሪሞት ኖሯቸው ሊሆን ይችላል። መኪና ስትሸጡም እንዲሁ። ከእናንተ ውስጥ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ብዙ ናችሁ፤ መኪና ቶሎ ቶሎ ትቀይራላችሁ። በመስተዋቱ ወይም በጣሪያው ላይ ያለው በተን የጋራዣችሁን ኮድ ከያዘ፣ መኪናው ሲሸጥ የቤታችሁ ቁልፍ አብሮ ተሸጠ። ከመሸጣችሁ በፊት አጥፉት። በብዙ መኪኖች ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት በተኖች መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል አብሮ ተጭኖ መያዝ ይበቃል።

መፍትሔው ሞተሩ የሪሞቶችን ኮድ የያዘበትን ማስታወሻ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነው። በቻምበርሌይንና በሊፍትማስተር ሞተሮች ላይ ባለቀለም በተን አለ፤ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ። እሱን 6 ሰከንድ ያህል፣ አጠገቡ ያለው መብራት እስኪጠፋ ተጭናችሁ ያዙት። ሪሞቱም፣ ውጭ ያለው የቁጥር መምቻም ሁሉም ይጠፋል። ከዚያ የእናንተን ብቻ መልሳችሁ ታስገባላችሁ፦ በተኑን አንዴ ተጭኖ መልቀቅ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ሪሞቱን መጫን። አዲስ ቤት የገባችሁ ሁሉ በሩ ባይከፈትባችሁም ይህን ዛሬውኑ አድርጉት። አንድ ምክር ብቻ ከዚህ ደብዳቤ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

«የጎረቤት ሪሞት ይሆን?» የምትሉ አላችሁ። ሪሞታችሁን ክፈቱት። ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉ ትንንሽ መቀያየሪያዎች ከተደረደሩ፣ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ባለ 8 መቀያየሪያ ሪሞት በጠቅላላ 256 ኮድ ብቻ ነው ያለው። ተመሳሳይ ሞተር በተገጠመበት የታውንሃውስ ግቢ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይቀየር ከቀረ፣ ሁለት ቤት አንድ ኮድ ቢኖረው አያስገርምም። ከዚህም በላይ፣ በ2015 ሳሚ ካምካር የሚባል የደህንነት ተመራማሪ በልጆች የመልእክት መጫወቻ እንዲህ ያሉ በሮችን በሰከንዶች ውስጥ መክፈት እንደሚቻል አሳይቷል። እንዲህ ዓይነት ሞተር ያላችሁ ደንበኞች ቀይሩት እንላችኋለን፤ ይህን ለማለት አናመነታም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በስፋት የመጡት ግን ኮዳቸው በተጫናችሁ ቁጥር ይቀያየራል። በእነሱ የጎረቤት ሪሞት በአጋጣሚ በራችሁን አይከፍትም።

የወታደር ሬዲዮ ነው የሚልም ወሬ አለ። በ2004 ፍሎሪዳ ውስጥ በኤግሊን አየር ኃይል ሰፈር አካባቢ የሆነው ግን ተቃራኒው ነበር፤ አዲሱ የወታደር ሬዲዮ ሲሞከር የአካባቢው ነዋሪዎች የጋራዥ ሪሞቶች አልሠራ አሉ። የሬዲዮ ጣልቃ ገብነት በተለምዶ ሪሞትን ያፍናል እንጂ ትክክለኛውን ኮድ አግኝቶ በር አይከፍትም።

ሪሞቱ ታግዶም በሩ ከተከፈተ ወደ ሽቦው እንሂድ። እኛ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠረጥረው ይሄን ነው። በተለመደው ባለ አንድ በተን መቆጣጠሪያ፣ በተኑ ሥራው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ማገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝ ማንኛውም ነገር በሩን ይከፍታል። ሽቦው ግድግዳ ላይ ሲመታ ልባሱን የቀደደ ማያያዣ ሚስማር፣ የአይጥ ጥርስ፣ እርጥበት፣ በተኑ ውስጥ የበቀለ ዝገት። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ይከፈታል የምትሉን ሰዎች ሽቦውን ተከታተሉ። ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ቦታ ላይ ሾርት (ሽቦዎቹ የተነካኩበት ቦታ) ታገኛላችሁ፤ ሚስማሩ ሥር ወይም ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ።

ሙከራው እንዲህ ነው። ሞተሩን ንቀሉት። በጀርባው ያሉትን የገመዶች አገባብ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከግድግዳው በተን የሚመጡትን ሁለቱን ብቻ አውጡ፤ የሴንሰሮቹን አትንኩ። ሞተሩን መልሳችሁ ሰኩትና በሪሞት ብቻ ተጠቀሙ። መከፈቱ ከቆመ ጥፋቱ ከበተኑ ወይም ከሽቦው ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሽቦዎቹን ሞተሩ ላይ መልሱና በበተኑ በኩል አላቅቋቸው፤ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ለያይታችሁ ተዉአቸው። አሁንም ከተከፈተ ሽቦው ነው፣ ካልተከፈተ በተኑ። ሁለቱም ርካሽ ዕቃዎች ናቸው። ስክሪን ባላቸው አዳዲስ መቆጣጠሪያዎች አሠራሩ ይለያል፤ ሙከራው ግን ለእነሱም ያገለግላል።

ሽቦው ተነቅሎ፣ ማስታወሻው ጠፍቶ፣ አሁንም ከተከፈተ ቦርዱ ነው። የበጋ መብረቅ ወይም ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመጣ የሚፈጠር ግፊት ቦርድ ያበላሻል። ይህን ለእኛ ተዉት። ሞተሩ ራሱ ደህና ከሆነ ቦርዱን ብቻ እንቀይራለን።

በስልክ አፕ የምትከፍቱ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት የአፑን ታሪክ ክፈቱ። በሩ መቼ እንደተከፈተ፣ ብዙ ጊዜም በማን በኩል፣ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለዘመድ የሰጣችሁት ፈቃድ፣ የረሳችሁት የሰዓት ፕሮግራም፣ ዕቃ ጋራዥ ውስጥ እንዲያስቀምጥ የፈቀዳችሁት አድራሽ፣ ሁሉም እዚያ አሉ።

በሩ ተከፍቶ የሞተሩ ክንድ ከባቡሩ ተላቅቆ ካገኛችሁት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በሩን ከሞተሩ አላቅቆ በእጅ ለመክፈት የሚሳበው ቀዩ ገመድ ተስቧል ማለት ነው። ቤተሰብ ካልሳበው፣ ሰው ከውጭ በበሩ የላይኛ ክፍተት ሽቦ አስገብቶ ስቦት ሊሆን ይችላል። ምንም ሳትነኩ ፖሊስ ጥሩ፤ ከዚያ ለእኛ ደውሉ።

አጥብቀን የምንለምናችሁ ነገር አለ። ሴንሰሩ አስቸገረን ብላችሁ ሁለቱን ዓይኖች ፊት ለፊት አስራችሁ ጣሪያ ላይ አትስቀሉ። ሥራ ስንገባ እንዲህ ሆኖ የምናገኘው ቤት አለ፤ በአብዛኛው ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት። በሩ አልዘጋ ሲል የመግፊያ ጉልበቱንም አትጨምሩለት። ልክ መሆኑን ለማወቅ ሁለት በአራት የሚባለውን እንጨት በሩ በሚያርፍበት ላይ አጋድሙና ዝጉ፤ በሩ እንጨቱን ነክቶ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ በዚያው ቀን ጥሩን። ከበሩ በላይ ያለውን ሞላ ደግሞ በምንም ምክንያት አትፍቱ። የበሩን ክብደት ሁሉ የተሸከመው እሱ ነው፤ ሲለቀቅ እጅ ይሰብራል፣ ከዚያም የባሰ ያደርጋል።

ስትደውሉልን ሦስት ነገር ይዛችሁ ጠብቁን። ሞተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍና ባለቀለሙን በተን ፎቶ አንሱልን። ከላይ ካሉት ሙከራዎች የትኛውን እንደሠራችሁ ንገሩን። በሩ የተከፈተባቸውን ሰዓቶች ጻፉልን፤ በፈረንጅ ይሁን በእኛ አቆጣጠር ጨምራችሁ፣ ሌሊት 8 ሰዓትና ማታ 8 ሰዓት የተለያየ ነገር ነው የሚነግሩን። በስልክ የሚያልቅ ከሆነ በስልክ እንጨርሰዋለን፤ ለዚያ አናስከፍልም።

በአክብሮት፣
የጋራዥ በር ጥገና ባልደረቦቻችሁ