ለልጄ፦ እስክንድር በማን አፍ ይናገራል?

ውድ ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖት ሰንብቷል። «ከታላቁ እስክንድር ንግግሮች እውነተኛው የቱ ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በስልክ አብራርቼ ለመመለስ ስላልሆነልኝ ይህን ጻፍሁልሽ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ324 ወታደሮቹ በጤግሮስ ወንዝ ዳር በነበረችው በኦፒስ ከተማ ባመፁበት ጊዜ፣ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ አሪያን እንደጻፈው፣ እስክንድር ውለታ ይቆጥርባቸዋል፤ አባቱ ፊልጶስ ቆዳ ለብሰው በተራራ ላይ ጥቂት በግ ሲጠብቁ አግኝቶ ካባ እንዳለበሳቸው፣ እርሱም ከፊት በኩል ቁስል የሌለበት ገላ እንደሌለው ይነግራቸውና በመጨረሻ «ሂዱ!» ይላቸዋል። አሪያን ግን ይህን የጻፈው እስክንድር ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎችም ለጊዜው የሚስማማውን ንግግር ራሳቸው ማቀናበርን ነውር አይሉትም ነበር። ስለዚህ በጽሑፍሽ «እስክንድር እንዲህ አለ» ከማለት ይልቅ «አሪያን እንዲህ አናገረው» ብትዪ እመርጣለሁ።

የፋርሱ ባለቅኔ ፊርዳውሲ በ1010 እ.ኤ.አ. በፈጸመው የነገሥታት ግጥም፣ በሻህናሜ፣ ደግሞ ወራሪው እስክንድር የፋርሱ ንጉሥ የዳራ ወንድም ሆኖ፣ የቆሰለውን ንጉሥ ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ እያለቀሰ ኑዛዜ ይቀበላል።

ቁርኣንን ከድርሰት ጋር አልደባልቅም፤ በቁርኣን የተጠቀሰውን ንጉሥ ዙልቀርነይንንም እስክንድር ነው ያሉ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) እንዳሉ ሁሉ አይደለም ያሉም አሉ። ሆኖም ስለ ንግግር ከተነሣ ታሪኩ ያለበትን ምዕራፍ ሱረቱል ካህፍን ማለፍ አልችልም። አንድ ሕዝብ ዙልቀርነይንን ከአጥፊዎቹ ከየእጁጅና ከመእጁጅ የሚጋርድ ግድብ እንዲሠራላቸው ግብር ልንስጥህ ወይ ሲሉት፣ ጌታው የሰጠው እንደሚበልጥ ነግሯቸው በጉልበት ብቻ እንዲያግዙት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሥራ ቃል ነው፦ የብረት ቁራጮች ስጡኝ፣ ንፉ፣ የቀለጠ ነሐስ ላፍስበት። ዐረብኛው «ኡንፉኹ» የሚለው ከእኛ «ንፉ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ቀጥቃጩ አያትሽ ጁምዓ ጁምዓ ሱራው ሲቀራ እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ፣ ሁለቱ እጆቻቸው ወናፍ እንደሚነፋ ሰው በየተራ ይነሡና ይወርዱ ነበር። ግድቡ ሲያልቅም ዙልቀርነይን «ይህ ከጌታዬ እዝነት ነው» ይላል እንጂ እንደ ኦፒሱ ንጉሥ ውለታ አይቆጥርም።

በግእዙ «ዜና እስክንድር» መጽሐፍ እስክንድር ክርስቲያን ንጉሥ ሆኖ የሚጸልየውን ጸሎት ግን ከእኔ ይልቅ ጎረቤታችን የኔታ ያስረዱሻል፤ ለረፍት ስትመጪ አብረን እንጠይቃቸዋለን።

አባትሽ፣ ከደሴ