ጳጉሜ 21 የሚባል ቀን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? ብርዱ ጠንቶባቸው ይሆን? የደብረ ብርሃን ታኅሣሥ መቼም አይረሳኝም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እየበላሁ ነው፣ አታስቢ። ፎቶ አይተሽ ከሳህ ያልሽኝ ፀጉሬን ስለተቆረጥኩ ነው።

ሁሌ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ይህን ይዞልሽ የሚመጣው አብሮኝ ፓርኪንግ የሚሠራ የጠባሴ ልጅ ነው። ለገና ሊገባ ነው፣ እና ሹራቡን ብቻ አሲዤ መላክ ከበደኝ። ደግሞ ባለፈው እሁድ "ለመሆኑ የምትማረው ምንድን ነው?" ስትይኝ መስመሩ ተቆራረጠና መልሱ ሳይደርስሽ ቀረ። በዚያ ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ኢንጂነር ሆነ" እያልሽ ነው አሉ። ኧረ ተይ እማዬ! ገና አንድ ኮርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሴሚስተር ሶፍትዌር መሥራት የምንማርበት ኮርስ ወሰድኩ። የማጠቃለያ ፈተና የለውም። አራት አራት ሆናችሁ አንድ ፕሮግራም ሠርታችሁ አምጡ ተባልን። አስተማሪያችን የሰጠችን መመሪያ አንድ ነው፤ የምታውቁት ሰው የተቸገረበትን ነገር ፈልጉ። በእኔ ቡድን አንዲት የኤል ሳልቫዶር ልጅ፣ አንድ የቬትናም ልጅና አንድ እዚሁ የተወለደ አሜሪካዊ አሉ። ሦስቱም ከእኔ የተሻለ ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተር የሚሰጥ ትእዛዝ፣ ይጽፋሉ። አልደብቅሽም።

ችግር ሲባል ትዝ ያሉኝ አከራዬ ናቸው። 12 ሆነው የማርያም ማኅበር ይጠጣሉ። ቀኑ እንደምታውቂው በ21 ነው። ግን የስልኩ ካላንደር የፈረንጅ፣ የሥራው ሰዓት የፈረንጅ፤ "21 መቼ ነው የሚውለው? ተረኛዋስ ማናት?" ሲባባሉ ነው የሚከርሙት። አምና ሁለት ሴቶች ተራው የእኔ ነው ብለው ለአንድ ቀን ሁለት ድግስ ተደግሷል። እኔ ጥሩ በልቻለሁ፣ ሴቶቹ ግን ተቀያይመው ነበር። እናም ቀኑን አስልቶ ለተረኛዋ ከ10 ቀን በፊት ሜሴጅ የሚልክ ፕሮግራም እንሥራ አልኳቸው። ተስማሙ።

ቀላል መስሎን ነበር። መጀመሪያ 13 ወር አለን ስል አሜሪካዊው ልጅ የቀለድኩ መሰለው። የቬትናሙን ልጅ ግን ምንም አልገረመውም። እነሱም አዲስ ዓመታቸውን በጨረቃ ነው የሚቆጥሩት። ወዲያው "ጳጉሜ መቼ ነው 6 የምትሆነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሲፈልግ ቆይቶም ቀመሩን ከኢንተርኔት አመጣው፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ክፈል፣ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ናት።

እኔ ደግሞ የአባባ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ ዓመት ሲቃረብ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው "5500 ደምርበት፣ ለአራት ክፈለው፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ" ይሉኝ የነበረው። በሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ታዲያ የልጁ ቀመር 5500ን የት ጣላት? ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት። ለካ 5500 ራሷ ለ4 ስትከፈል ምንም አይተርፋትም፤ ብትደመርም ባትደመርም ትርፉ ያው ነው። 2015ን በሁለቱም መንገድ ሞከርኩት፣ በሁለቱም 3 ተረፈ። አባባ ያለ ኮምፒውተር የሚያወጡትን ነው ኮምፒውተሩ ያወጣው። ይህን አንብቢላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ኮምፒውተሩ ግን ወር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ መስከረም "ዜሮኛ" ወር ናት ብትያቸው አይወዱትም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውማ!

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ሙከራ አደረግን። ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ማሞቂያው እግሬ ሥር እየነፈሰ፣ ስልኬ ጠራ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ናቸው።

"ልጄ፣ ጳጉሜ 21 ደግሞ ምን የሚሉት ቀን ነው? ስድስተኛዋ እንኳ በአራት ዓመት አንዴ ናት!"

ሜሴጁን ልጃቸው እንድታነብልኝ ጠየቅኩ። "የጳጉሜ 21 ተረኛ እርስዎ ነዎት፤ ሴፕቴምበር 26" ይላል። ያን ዕለት መስከረም 6 ነው። አዲስ ዓመት ከገባ ሳምንት ሊሞላው ነው፣ የእኛ ፕሮግራም ገና ጳጉሜ ላይ ነው። ሴፕቴምበር 26 ደግሞ ምን ሆኖ ተገኘ መሰለሽ? መስከረም 16፣ ደመራ! ያውም ዓርብ። በጾም ቀን፣ በደመራ፣ ጠበል ጠዲቅ አዘጋጁ ብለናቸዋል።

ሥራ ጨርሼ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ፈለግኩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። "ከ13ቱ ወር የእያንዳንዱን 21ኛ ቀን አውጣ" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጅሬ ኮምፒውተር ጳጉሜ አጭር መሆኗን በዚያ መስመር ማን ነገረው? ከጳጉሜ 1 ጀምሮ 21 ቀን ቆጠረና መስከረም 16 ላይ አረፈ። ማስተካከያው አንድ ቁጥር ነው። 13ን 12 አደረግኩት። ጳጉሜ ውስጥ 21 እንደሌለ ልጅ እያለሁም አውቅ ነበር። ማወቄን ግን አላውቅም ነበር መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ እንኳ አልበቃም። አከራዬ "ጠያይቃችሁ ብትሠሩትስ?" አሉኝ። በሥራ ቀን ከዋለ ወደሚቀጥለው እሁድ እንደሚያሻግሩት የነገሩኝ ያኔ ነው። ከዚያ የሳልቫዶሯ ልጅ "ተረኛዋ ሰው ቢሞትባትስ?" አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የማኅበራቸውን ዳቦ ስበላ ይህን ጠይቄ አላውቅም። ላንቺ የደወልኩልሽ ለዚህ ነበር፤ "እሱም ይጠየቃል እንዴ? ይለዋወጡና ይለፋላ!" ብለሽ የሳቅሽብኝ ቀን። "ይለዋወጡና" ያልሽውን አንዲት ቃል ኮድ ለማድረግ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። መጀመሪያ ማንም የሚነካው "ተለዋወጥ" የሚል ቁልፍ ሠራን። ሴቶቹ አልወደዱትም። ሙሴ የሚባሉት የማኅበሩ መሪ ሳያውቁ ተራ አይለዋወጥም አሉ። እውነታቸውን ነው። ድጋሚ አፈረስነው።

ስም ላይም ተጠምደን ነበር። አንዷ "ፀሐይ" ብለው ተመዝግበው "ጸሀይ" ተብሎ ሲፈለግ የሉም ይላል። ለእኔና ላንቺ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ይህን ያስተካከለው አሜሪካዊው ልጅ ነው። ፊደሉን ማንበብ አይችልም፤ እኔ የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሆነ በወረቀት ጻፍኩለት፣ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ እያልኩ። አሁን ሐመሩ ሐ ብሎ መጥራት ይወዳል።

ኅዳር ጽዮን ዘንድሮ እሁድ ዋለች። ከ10 ቀን በፊት ለትክክለኛዋ ተረኛ ትክክለኛው ሜሴጅ ደረሰ። ደስ አለኝ፣ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ምን ያደርጋል! ሴቶቹ ሜሴጁ ሳይመጣ በፊት ተደዋውለው ጨርሰውታል። አከራዬም የተራውን ዝርዝር በእጃቸው ጽፈው ፍሪጁ ላይ ለጥፈውታል። "የአንተም ጥሩ ነው፣ ይሄኛው ግን ቻርጅ አያልቅበትም" አሉኝ። ይህን ክፍል ውስጥ ሳቀርብ ሳልደብቅ ተናገርኩ። አስተማሪያችን ከኮዱ ይልቅ እሱን ወደደችው መሰለኝ። ውጤቱ ገና አልመጣም።

እንግዲህ የምማረው ይህንን ነው። እኔ ይህ ትምህርት ክፍል ዘግቶ ከኮምፒውተር ጋር መፋጠጥ ይመስለኝ ነበር። ግማሹን ጊዜ ያሳለፍኩት ግን ቡና እየጠጣሁ እናቶችን ስጠይቅ ነው። ኮዱን የቡድኔ ልጆች ቢበልጡኝም መጠየቁ ላይ አልታማም፤ ካንቺ ነው የወረስኩት። ጃንዋሪ ሲገባ ቀጣዩን ኮርስ እወስዳለሁ።

በልጁ እጅ ሹራብ ለአባባ፣ ላንቺ የጉልበት ቅባት፣ ለበዓል ደግሞ 100 ዶላር ልኬያለሁ። ዶሮው ላይ አትቆጥቢ። እሱ ሲመለስ በሶ ብቻ ላኪልኝ፣ ሻንጣው እንዳይከብደው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፕሮግራሙ አንድ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ተረኛ ሲሆን አይቀበልም። በእናንተ ማኅበር ግን የአያቴን ተራ እሳቸው ካረፉ ጀምሮ አንቺ ነሽ የምታወጪው፤ የራስሽም አለ። የሳልቫዶሯ ልጅ ይህን ስነግራት ተራ ለልጅ ይተላለፋል ማለት ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። "ልጁ ውጭ አገር ያለ እንደሆነስ?" አለችኝ። እሱን እናቴን ልጠይቅ ብዬ አለፍኩት። እሁድ ስደውል ንገሪኝ።

ልጅሽ